መስኮት ከፍታ ቤት የምታሞቅ ሴት

የጥር ወር የጋዝ ሂሳብ የደረሰ ዕለት፣ ጉክ ጆንግማን ወረቀቱን ከሾርባ ሳህኑ አጠገብ ዘርግቶ፣ መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ ጠርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ካምናው ጥር ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ቀና ብሎ ሚስቱን ቢፈልጋት ወንበሯ ባዶ ነው። ቹ ዮንሺም ቁርሱ ከቀረበ ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥታ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር ባለበት ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር።

"ሾርባው ቀዘቀዘ" አላት።

"መጣሁ።"

"ቅድምም መጣሁ ብለሻል።"

መዳፏን ቧንቧው ላይ አሳረፈች፤ ሙቅ ነው። አፍንጫዋን ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ አስጠግታ አሸተተች፤ ምንም የለም። የሚገድለው ጭስ ሽታ እንደሌለው ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ታውቃለችና ታሸታለች፣ ነገም ታሸታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው ቦይለር እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና አንዴ ተንኳኳ፤ እሷም ደንገጥ ብላ ቆይታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

ጆንግማን ሠላሳ ዓመት ከከተማቸው ከጀቾን ዋና ከተማው ሶል ድረስ አውቶቡስ የነዳ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ከመቀመጫው የማይነሣ ሰው ነው። ዮንሺም ደግሞ መቀመጥ የማታውቅ ሴት ናት። በረዶ ሲጥል የራሷን ደጅ ጠርጋ የሁለት ጎረቤት ትደግማለች። በመንደሩ የአዛውንቶች ቤት ውስጥ ሴቶቹ ከሥሩ በሚያልፍ የሙቅ ውሃ ቧንቧ በሞቀው ወለል ላይ እግራቸውን ዘርግተው ካርታ ሲጫወቱ፣ እሷ በየአሥር ደቂቃው ብድግ እያለች በሩን ከፈት ታደርጋለች። "ዮንሺም፣ ከመቀመጫሽ ሥር መርፌ አለ እንዴ?" ይሏታል። ስትስቅላቸው ትቆያለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትነሣለች።

ጆንግማንን የሚያንገበግበው ግን የእግሯ ነገር አልነበረም፤ የመስኮቷ ነገር ነው። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ቀንም ሌትም፣ አንድ ስንዝር ተከፍቶ ይከርማል። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ቢሆንም፣ ነፋሱ ከተራራው በረዶ ይዞ ቢወርድም፣ ያ ስንዝር አይዘጋም። አርባ አንድ ዓመት በትዳር እንዲህ ኖረዋል። ልጃቸው ሄራን የሱፍ ቆብ አድርጋ እየተኛች ነው ያደገችው። በመንደሩ ለዮንሺም ስም ወጥቶላታል፤ መስኮት ከፍታ ቤት የምታሞቅ ሴት ይሏታል።

"እኛ እኮ ቤታችንን አይደለም የምናሞቀው" አለ ጆንግማን ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ። "ጀቾንን ነው የምናሞቀው። ከንቲባው መጥቶ እጅ ነሥቶ ሊያመሰግነን ይገባል።"

"ለምን ሦስት ሹራብ አትለብስም?"

"ለብሻለሁ። ቁጠሪው።"

ቆጠረችው፤ እውነቱን ነው።

ለምን እንደምትከፍተው ሲጠይቋት ሙቀት አይስማማኝም ትላለች። ከወለድኩ ጀምሮ ነው ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት ነው ትላለች። ጆንግማን ሦስቱንም ምክንያት ሰምቷል፤ ሦስቱንም አላመነም። ግን በዚያን ጊዜ ጋዝ እንዲህ አልተወደደም ነበርና ነገሩን እንደ ቀልድ ይዞት ኖረ። ዘንድሮ ቀልዱ አለቀ። በየቤቱ ሰው የማሞቂያውን ቁልፍ እየቀነሰ፣ አንድ ክፍል ብቻ እያሞቀ፣ ቀኑን በአዛውንቶች ቤት እያሳለፈ ነው የሚኖረው። እሱ ቤት ግን ሙቀቱ በወንፊት እንደሚቀዳ ውሃ ነው።

ሂሳቡ በመጣ በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። በየአምስት ቀኑ የሚቆመው ገበያ ላይ ፍጅልና የደረቀ ዓሣ ልትገዛ ወጣች። እሷ እንደወጣች ጆንግማን ዕቃ ቤት ውስጥ ገዝቶ የደበቀውን አረፋ ፕላስቲክ፣ ያን ልጆች በጣታቸው እየተጫኑ ጧ ጧ የሚያደርጉትን ዓይነት፣ አወጣ። መስኮቱን ዘጋ፤ ጠርዙን በስፖንጅ ሞላ፤ ፕላስቲኩን ለጠፈ፤ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ሁለት ጊዜ ዞረው። በጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ተግቶ የሠራው ሥራ የለም። ሲጨርስ ላብ አላበው፤ ሹራቡንም አንዱን አወለቀ።

ዮንሺም ፍጅሏን ይዛ ገባችና በመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመች። ክፍሉ ይሞቃል፤ አየሩ አይንቀሳቀስም። ፌስታሉን ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

"ማን ነው ይህን ያደረገው?"

"እኔ ነኝ። ቤቱ የኔም ነው።"

"አንሣው።"

"አላነሣም። የምታነሺው ከሆነ የሚቀጥለውን ሂሳብ አንቺ ትከፍያለሽ።"

እንደምትጮህበት ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷ ግን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም፤ ዓይኗ እንደ ጠቦት ዓይን ፈጠጠ። ያን ዕለት ከክፍል ክፍል ስትዘዋወር ዋለች። ፍጅሉን አጥባ ሳትቆርጠው ትታው ሄደች፤ የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና አጠፈች። ሲመሽ ፍራሿን አንከባላ ማድ ቤት ውስጥ ከጓሮው በር ሥር አነጠፈች፤ በሩንም በጫማ ከፈት አድርጋ አቆመችው። ጆንግማን ካለበት ሆኖ፣ ውሻ እንኳ ዛሬ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው አላትና የመኝታ ቤቱን በር ዘግቶ በሞቀው ወለል ላይ ተዘረጋ።

በማግሥቱ ራሱን አመመው። ከትናንት በስቲያ ከቀድሞ ሾፌሮች ጋር የጠጣሁት ሶጁ፣ ያ አረቄ ነው አለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ሊነሣ ሲል ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ መጸዳጃ ቤት እስኪደርስ እንኳ አልቻለም፣ ኮሪደሩ ላይ አስታወከ። ዮንሺም መጥረጊያ ይዛ ስትሮጥ መጣችና ድንገት ቆመች።

"ራስህን እንዴት ነው የሚያምህ?"

"ያመኛል፣ በቃ።"

"እንዴት ነው? በአንድ ጎኑ ነው? ወይስ የብረት ቀለበት አጥልቀው እንደሚያጠብቁት ነው?"

ጆንግማን ቀና ብሎ አያት። "እንደ ቀለበት" አለ። "በምን አወቅሽ?"

መጥረጊያውን ጥላ የቦይለሩን ማጥፊያ ተጫነች፤ የጋዙን ቁልፍ አዞረች፤ የፊት በሩን፣ የጓሮውን በር በረገደች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ ያን ፕላስቲክ በጥፍሯ ቀደደችው። ባሏን ብርድ ልብስ አልብሳ፣ በብብቱ ይዛ ጓሮው ውስጥ በረዶ በለበሰው የእንጨት መደብ ላይ አስቀመጠችው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ እንዴት እንደቻለችው ኋላ ራሷም አላወቀችም።

"የቧንቧው ውሃ በረዶ ይሆናል" ይላል ጆንግማን ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ዮንሺም፣ ቧንቧው ይፈነዳል።"

"ይፈንዳ።"

ሐኪም ቤት እንውሰድህ ብትለው በሶጁ ምክንያት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የለም አለ። ንጹሕ አየር ሲያገኝም ትንሽ ቀለል አለው። እሷም የቅርብ ጎረቤቷ ዘንድ፣ ባሏ የሞተባትና ብቻዋን የምትኖረው የዱሆ እናት ቤት አስገብታ፣ ከጎኑ እንዳትለዪ፣ እንዳይተኛም ብላ አደራ ሰጥታ ወጣች።

በከተማው ቦይለር የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን አንዱም አይገኝም ነበር። ቁሩ በየቤቱ የቧንቧውን ውሃ በረዶ ስላደረገው ስልካቸውን አያነሡም። እሷ የምታውቀው ታክ የሚባለውን ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ኋላ ትንሽ ሱቅ አለው። ሱቁ ተዘግቶ አገኘችው። ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪ፣ ኑድል ቤቱ ጋ ነው ያለው አላት። ኑድል ቤቱ ስትደርስ አሁን ወጣ፣ ወደ ሞቴሉ ሄደ አሏት። መንገዱ በረዶ ጋግሯል፤ እሷ ግን የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት አትመስልም ነበር፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሮጣለች። ሞቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ታክን በሆዱ ተኝቶ፣ በፀጉር ማድረቂያ የቀዘቀዘ ቧንቧ ሲያሞቅ አገኘችው። አምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው።

"እማማ፣ ሃያ ሰባት ቤት ይጠብቀኛል" አላት ቀና ሳይል። "ነገ ከሰዓት፣ እሱም ከቻልኩ።"

"ቧንቧ አይደለም" አለችው። "ባለቤቴ ነው። ራሱን እንደ ብረት ቀለበት አጥብቆ ይዞታል። ዛሬ አስታወከ። መስኮቱን ካሸገው ሁለት ቀኑ ነው።"

የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ቆመ።

"ቦይለሩ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"አሁን እየሠራ ነው?"

"ዘግቼው ነው የመጣሁት። ጋዙንም።"

ታክ ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈና ቦርሳውን ያዘ። ለሞቴሉ ባለቤት ምን እንደነገረው አልሰማችም፤ ሰውየው ግን አልተከራከረም።

ቤት እንደደረሱ ታክ ቦይለሩን ከፊት አላየውም። ባትሪውን አብርቶ በጎኑ አንገቱን አሾለከና ከጀርባው ተመለከተ። ብዙ ቆየ። ዮንሺም በሩ ላይ ቆማ አንዱን እግሯን በአንዱ ታሻለች። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

ጭስ ማውጫው ቱቦ ግድግዳውን ሊበሳ ሲል፣ ከዓይን በተሰወረው በኩል፣ መጋጠሚያው ተላቆ ነበር። የተጠቀለለበት ፕላስተር ደርቆ ረግፏል፤ በሁለቱ ቱቦ መካከል ሁለት ጣት ያስገባል። ወደ ውጭ ሊወጣ የሚገባው ጭስ ግማሹ ተመልሶ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉም በበሩ ሥር ወደ ማድ ቤቱና ወደ መኝታው ሲገባ ኖሯል። ግድግዳው ላይ የወረደው የዝገት መስመር የአንድ የብርድ ክረምት አይደለም አለ ታክ። ቢያንስ ሦስት ነው። አራትም ሊሆን ይችላል።

"ሦስት ክረምት?" አለች።

"እንዴት እንደኖራችሁ አላውቅም እማማ። በእውነት አላውቅም።"

እሷ ግን አወቀች። ታክም መኝታ ቤቱን አይቶ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን የተቀደደ ፕላስቲክ አይቶ አወቀ። ባለቤትዎን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱ፣ ራሴ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ ብቻ አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ አላልኩህም? ባለ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ለተሳቀባት ሴት ያን ቀን ይህን ማለት መብቷ ነበር። ዮንሺም ግን መኪናው ውስጥ ደስታ አልተሰማትም። ሦስት ክረምት ሙሉ በየቀኑ አሥር ጊዜ አሽትታለች፣ ዳስሳለች፤ ከጀርባው ግን አላየችም። ልጇ ባለፈው ዓመት መጥታ ሁለት ሌሊት አድራለች።

ሐኪም ቤት ጆንግማንን የኦክስጅን ጭንብል አጠለቁለትና እስከ ማታ እንዲቆይ አዘዙ። ነርሷ ጭንብሉን እንዳያወልቅ፣ እንዳይናገርም አስጠነቀቀችው። ወሬ ወዳዱ ሾፌር አፉ ተሸፍኖ ዓይኑን ብቻ እያንከባለለ ተኛ። ለዮንሺም ወንበር አቀረቡላት፤ አልተቀመጠችም። ከአልጋው ራስጌ ወደ ግርጌው፣ ከግርጌው ወደ ራስጌው ትመላለሳለች። ከዚያ እንደዚያ እየተመላለሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች።

እህት ነበረችኝ አለች። ጆንግማን ይህን ያውቃል፤ በልጅነቷ በሕመም የሞተች ማልሱን የምትባል ታላቅ እህት እንዳለቻት ሰምቷል። በሕመም አይደለም የሞተችው አለች ዮንሺም። ሁለታችንም ቴጉ ከተማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እንሠራ ነበር። እኔ አሥራ ሰባት፣ እሷ ሃያ ዓመታችን ነው። የተከራየናት ክፍል ሁለት ሰው ተኝቶ ሦስተኛ የማታስገባ ናት፤ ወለሏ ሥር ከሰል ይነዳል፤ ለአንድ ሌሊት አንድ የከሰል ጡብ ብቻ። ወሩ ሳያልቅ ከሰላችን እያለቀ ተቸገርን። ማልሱን ያን ዕለት አተኩሷት መጣች። ተራው የኔ ነበር፣ በሞቀው ጫፍ መተኛቱ፤ አንቺ ተኚበት አልኳት። እኔ በሩ ሥር ተኛሁ። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተሰንጥቆ የከሰሉን ጭስ ያሳልፍ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው።

እዚህ ስትደርስ ቆመች። የአልጋውን ብረት ያዘች።

"መስኮቱ ነፋስ ያስገባ ነበር" አለች። "አሮጌ ቀሚሴን ቀድጄ ዙሪያውን ወተፍኩት። ሙቀቱ እንዳይወጣ። ጨርቁን የወተፍኩት እኔ ነኝ፣ የሄራን አባት። ለበሩ ሥር ጨርቁ አልበቃኝም፤ በዚያ በሚገባው ነፋስ እኔ ተረፍኩ።"

ጠዋት የቤቱ ባለቤት ሁለቱንም በእግራቸው እየጎተተች ግቢ አወጣቻቸው። ለጭስ መድኃኒት ነው የሚሉትን የኪምቺ፣ የተቦካ ፍጅል ውሃ፣ በበረዶ የቀዘቀዘውን፣ በአፋቸው እየጨመረች ስትጮህ ዮንሺም አስታወከችና ነቃች። ማልሱን አፏ ውስጥ የገባው ውሃ በጉንጯ በኩል ተመልሶ ወረደ። አባታቸው ከገጠር መጥቶ ዕጣዋ ነው አለ፤ ባለቤቲቱ ወለሉ ነው አለች፤ ፖሊሱ ከሰሉ ነው ብሎ ጻፈ። ስለ መስኮቱ የጠየቀ ሰው የለም። ዮንሺም ከቀብር እንደተመለሰች ጨርቆቹን አንድ በአንድ ነቅላ በዚያው ከሰል አቃጠለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በተዘጋ ክፍል አልተኛችም።

ጆንግማን እጁን ወደ ጭንብሉ አነሣ፤ ነርሷን አስታውሶ መለሰው። በዚያው እጅ የሚስቱን ክንድ ያዘ። እሷ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልሰጠችም። የዱሆ እናት ቦይለር ስንት ዓመቱ ነው? አለች ድንገት። ከኛ ይበልጣል። ከኛ ይበልጣል አይደል?

አዲሱ ቦይለር የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ሄራን ከምትኖርበት ከተማ ከሱዎን ገንዘብ እልካለሁ አለች፤ ጆንግማን አባትሽ ገና አልሞተም ብሎ በጡረታ ካጠራቀመው ከፈለ። ታክ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ለፍቶ አሮጌውን ነቅሎ አወጣ፤ አዲሱን ሰቀለ፤ ቱቦውን ራሱ ገጠመና ዮንሺምን ጠርቶ ከጀርባ በኩል በመስታወት አሳያት። ጣሪያው ላይ ጭሱ ሲያመልጥ የሚጮኽ ትንሽ ነጭ መሣሪያ ለጠፈ። ሌሊት ቢጮኽ እሰማዋለሁ? አለችው። እማማ፣ እንኳን እርስዎ የሞተም ይሰማዋል አላትና፣ ከአፉ ከወጣ በኋላ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

እስከዚያ ድረስ ያደሩት የዱሆ እናት ቤት ነበር። ሁለቱንም ሌሊት ዮንሺም የሰው ቤት ነው ሳትል የሰው ቦይለር ስትመረምር ከረመች፤ በመጨረሻ ታክ አይቶ ደህና ነው ሲል የዱሆ እናት ተቀየመች። "የኔ ቤት መርማሪ ፖሊስ ያስፈልገዋል ብዬ አላውቅም ነበር" አለች። ቢሆንም ወፍራም ብርድ ልብሷን አውሳ አትመልሺልኝ ብላለች።

ቤቷ ከገባች በኋላ ልቧ ያርፋል ብለው ነበር፤ አላረፈም። የመኝታ ቤቷን መስኮት ወደ ሁለት ጣት አጠበበችው፤ ከዚያ በታች ግን እጇ እምቢ አላት። ቀን ቀን ደግሞ ባትሪና የእጅ መስታወት ኪሷ ከታ በመንደሩ ትዞር ጀመር። ደጅ ታንኳኳለች፤ ቦይለራችሁ ስንት ዓመቱ ነው? ከጀርባው ልየው ትላለች። የሚያስገባት አለ፤ የሚስቅባት አለ። ብዙ ሳይቆይ ወሬ ተነሣ። ታክ በእያንዳንዱ ቦይለር ይከፍላታል ተባለ። ወሬውን ያመጣችላት የዱሆ እናት ራሷ ነች፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው የምነግርሽ ብላ።

"ይክፈለኝ አይክፈለኝ ምን አገባቸው?" አለች ዮንሺም። ፊቷ ግን ቀላ።

ጆንግማን በአዛውንቶች ቤት ካርታ በሚጫወቱት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጦ ወሬውን ይሰማ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን ዮንሺም ጫማዋን ስታደርግ፣ እሱም ጫማውን አደረገ። የት ነው? አለችው። መሰላል ማን ይሸከምልሻል? አላት። ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ የሠራ ሰው፣ መሰላሉን በትከሻው አድርጎ በዚያ በረዷማ ዳገት ሲወጣ የመንደሩ ሰው በመስኮት አየው። ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍያ የተወራ ነገር አልሰሙም፤ ቢወራም እነሱ ዘንድ አልደረሰም።

ከዳገቱ ጫፍ ላይ ማ የሚባል ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ብቻውን ይኖራል። ከሰው ጋር የማይግባባ፣ ልጆቹም የማይጠይቁት ነው። ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ በሩን ዘጋባቸው። ዮንሺም ሦስተኛ ስትሄድ የሞቀ የስኳር ድንች በጋዜጣ ጠቅልላ ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትሸጪ ነው?" አለ በበሩ ስንጥቅ።

"አልሸጥም። ከውጭ ብቻ ልየው። ቤትዎ አልገባም።"

"ከውጭ?"

"ከውጭ። ድንቹን ይያዙና እኔ ዞሬ ልምጣ።"

ሰውየው ድንቹን ያዘ። ጆንግማን መሰላሉን ደገፈ፤ ዮንሺም ወጣች። ከግድግዳው የሚወጣው የጭስ ቱቦ አፉ ላይ ድርቆሽ ይታያል። እጇን አስገብታ ስትስብ የወፍ ጎጆ ነው፤ ጭድ፣ ላባ፣ የፕላስቲክ ክር፤ እየሳበች አያልቅም። ታክን ጠሩት፤ እሱም መጥቶ የቀረውን ከውስጥ አወጣና ቱቦውን ለወጠው። ማ ከደጁ ቆሞ፣ ድንቹን ሳይበላ በእጁ እንደያዘ፣ የተከመረውን ጭድ ሲያይ ቆየ። ከጥቂት ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያዞረኝ ነበር፣ እርጅና መስሎኝ ነው አለ። አመሰግናለሁ አላለም። ዮንሺም የተለወጠውን ቱቦ ልታይ ወጥታ ስትወርድ ግን መሰላሉን ከታች የያዘው እሱ ነበር።

የካቲት ገባ። ሂሳቡ መጣ፤ ጆንግማን አንዴ አንብቦ አጠፈው፤ ያምናውን ያህል ባያንስም የጥርን ያህል አልበዛም። ከነገሩ ሁሉ በኋላ ስለ ማልሱን ያልተነገራት ሄራን ነበረች። እናትዋ በስልክ የምትነግራት ስለ ቦይለሩ ብቻ ነው፤ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ፣ እንዴት ድምፅ እንደሌለው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሄራን ደወለች። አባዬ ስለ አክስቴ ነገረኝ አለች።

ዮንሺም ማድ ቤት ውስጥ ነበረች። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ የአኩሪ አተር ሾርባውን ታማስላለች። ማንኪያው ቆመ። ልጇ ልታጽናናት ይሆናል፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም ልትላት ይሆናል ብላ ጆሮዋን አዘጋጀች፤ ያን መስማት አልፈለገችም። ሄራን ግን ያን አላለችም። "ምን ትመስል ነበር?" አለች።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዮንሺም ማንኪያውን አስቀመጠች። የማልሱን ፎቶ እንኳ የለም። ከዚያ፣

"ከፊት ጥርሷ አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው" አለች። "ስትስቅ በእጇ ትሸፍነው ነበር። ስትዘፍን ግን ትረሳዋለች። ሥራ ላይ መዝፈን አይፈቀድም፤ እሷ ግን የስፌት መኪናዎቹ ሲጮኹ ማን ይሰማኛል ብላ ትዘፍን ነበር። አለቃው ስንት ጊዜ ቀጥቷታል መሰለሽ። አንዴማ..."

ምድጃውን አጠፋች። ከማድ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጅ እየተመላለሰች፣ ባሏ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ እያያት፣ አንዴ አለቃው ማልሱንን ሲቆጣ እሷ ክር በጥርሷ ነክሳ ምን እንደመለሰችለት ለልጇ ትነግራት ጀመር።